ቁጥሩን ከማተማችሁ በፊት ሥራውን ጠይቁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት፣ ማጣቀሻ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ጋዜጣችሁ በመጀመሪያ የሚያርፈው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንባቢ ከመውሰዱ በፊት አየዋለሁ። ሰሞኑን «ከዓለም ምርጥ 2 በመቶ ሳይንቲስቶች» ተርታ ስለገቡ ኢትዮጵያውያን ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩ። የአገር ልጅ ስሙ በዓለም ሲነሳ ደስ የማይለው የለም፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ዘገባውን ደጋግሜ ባነበውም አንድ ነገር አጣሁበት። ስም አለ። ቁጥር አለ። ሰዎቹ ምን እንዳጠኑ፣ ምን እንዳገኙ፣ ሥራቸው ማንን እንደጠቀመ ግን አንድ መስመር እንኳን የለም።

ይህ የእናንተ ጥፋት ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎችም፣ የመምህራንን የማዕረግ ዕድገት የሚወስኑ ኮሚቴዎችም፣ ራሳቸው ተመራማሪዎቹም እንዲህ መነጋገር ለምደዋል። «ኤች ኢንዴክስህ (ጽሑፎችህ በሌሎች ምን ያህል እንደተጠቀሱ የሚያሳየው ቁጥር) ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ «ምን ላይ ነው የምትሠራው?» የሚለውን እየተካው ነው። እኔ ደግሞ እነዚህን ቁጥሮች ከመረጃ ቋት እያወጣሁ ለመምህራን የምሰጥ ሰው ነኝ። ከምን እንደሚሠሩ አውቃለሁ። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ዝርዝሩ ምን እንደሆነ እንግባባ። የሚያወጡት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ጆን አዮኒዲስና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ስኮፐስ ከሚባለው የኤልሰቪየር ኩባንያ የመረጃ ቋት ላይ ጥቅሶችን፣ ማለትም የአንድ ሰው ጽሑፍ በሌሎች ጽሑፎች ስንት ጊዜ በዋቢነት እንደተጠቀሰ፣ ይቆጥራሉ። ከዚያ በየሙያ ዘርፉ ከላይ ያሉትን ይለያሉ። ሽልማት አይደለም። ዳኞች ተቀምጠው የማንንም ሥራ አንብበው አልመረጡም። ሠንጠረዡም አንድ አይደለም፤ አንደኛው የሙሉ የሥራ ዘመንን ጥቅስ ያያል፣ ሌላው የአንድ ዓመትን ብቻ። ሰው ራሱን የጠቀሰበት ተቀንሶም ይታያል። አዘጋጆቹ ይህን ሁሉ በጥንቃቄ ለይተው አስቀምጠዋል። የእናንተ ዘገባ ግን የትኛውን ሠንጠረዥ እንደወሰደ አይናገርም። አንባቢ ደግሞ የሚገባው እንደ ሜዳሊያ ነው።

ጥቅስ መቁጠር የመጣው ከእኛ ከመረጃ ሠራተኞች ሰፈር ነው። ዩጂን ጋርፊልድ የሚባል አሜሪካዊ በ1955 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ሐሳብ አቀረበ። አንድን ጽሑፍ እነማን እንደጠቀሱት የሚመዘግብ ማውጫ ቢኖር፣ ተመራማሪ ከአንዱ ጽሑፍ ተነስቶ ወደ ሌላው ይደርሳል የሚል ነበር። በ1964 የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫው ሥራ ጀመረ። ኢምፓክት ፋክተር የሚባለውም የተወለደው ከዚሁ ሥራ ነው። አንድ ጆርናል፣ ማለትም የምርምር መጽሔት፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በዚህ ዓመት ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ተቆጥሮ ለጽሑፎቹ ብዛት ይካፈላል። ለእኔ ቢጤ የቤተ መጻሕፍት ሰው ይህ ትልቅ እርዳታ ነበር። በጀት ሲያጥር የትኛውን ጆርናል ልግዛ፣ የትኛውን ልተው ለማለት ያገለግላል። ጆርናል ለመምረጥ የተሠራ ነገር ሰው መመዘኛ ሲሆን ግን ራሱ ጋርፊልድ ደጋግሞ አስጠንቅቋል።

ሰውን ለመመዘን የተሠራው ኤች ኢንዴክስ ነው። በ2005 ያመጣው ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሰው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች ካሉት ቁጥሩ 10 ይሆናል። አምስት ጽሑፍ ያሳተመች መምህርት 25፣ 8፣ 5፣ 3 እና 3 ጊዜ ብትጠቀስ ቁጥሯ 3 ነው። ያ 25 ጊዜ የተጠቀሰው ጽሑፏ ነገ 400 ጊዜ ቢጠቀስስ? ያው 3 ነው። አንድ ትልቅ ነገር ያገኘና መካከለኛ ሥራዎችን ያበዛ ሰው እዚህ ላይ አይለዩም። ቁጥሩ ደግሞ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ጡረታ የወጣ ሰው ቁጥሩ ሲያድግ፣ ትናንት የጀመረች ወጣት ገና ከ2 ወደ 3 ለመድረስ ትታገላለች።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ ልምጣ። ለዚህ ነው በዋናነት የጻፍኩላችሁ።

የዕድገት ማመልከቻ የሚገባበት ሰሞን ሲደርስ መምህራን ፋይላቸውን ይዘው ይመጣሉ። «እባክሽ እህቴ፣ ኤች ኢንዴክሴን አውጪልኝ» ይላሉ። ስማቸውን ስጽፍ አንዱ ሰው ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ሰው ሆኖ ይወጣል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ ስም አለን፣ የአባት ስም አለን፣ የአያት ስም አለን። የመረጃ ቋቱ ግን መጨረሻ ላይ ያገኘውን ስም የቤተሰብ ስም ብሎ ይይዘዋል። የሰውየውን የራሱን ስም በአንድ ፊደል ያሳጥረዋል። በራሱና በአባቱ ስም ያሳተመ ሰው በአባቱ ስም ይመዘገባል። ቀጣዩ ጆርናል ሦስት ስም ጠይቆት አያቱን ከጨመረ ደግሞ በአያቱ ስም ሌላ ሰው ይሆናል። የፊደሉ ነገርም አለ። «ጸ»ን አንዱ በአንድ የላቲን ፊደል ይጽፈዋል፣ ሌላው በሁለት። «ቀ»ንም ሁሉም በአንድ ዓይነት ፊደል አይጽፈውም።

ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ እያሉ የሚጀምሩት ስሞች ደግሞ ይብሳሉ። አንድ የእንስሳት ሕክምና መምህር አጠገቤ ተቀምጦ ስንፈልግ፣ «ገብረማርያም» የሚለው የአባቱ ስም በአንዱ ጽሑፍ ላይ ተጣብቆ፣ በሌላው ተነጥሎ፣ በሦስተኛው በእዝባር አጥሮ ተጽፏል። ማሽኑ የመጨረሻውን ቆርጦ «ማርያም» የሚል ሌላ ተመራማሪ ፈጥሯል። በአንዱ ፕሮፋይል ኤች ኢንዴክሱ 6 ይላል፣ በሌላው 4። እንዲጣመሩለት ጥያቄ አስገብተን ጽሑፎቹ እንደገና ሲደረደሩ 8 ሆነ። ያ ሰው በዚያ ሰሞን አንድም አዲስ ነገር አልጻፈም። ያው መምህር ነው፣ ያው ሥራ ነው። ወደ እኔ ባይመጣ ኖሮ በ6 ይመዘን ነበር። ጉግል ስኮላር ላይ ደግሞ ሌላ ቁጥር አለው፣ ከፍ ያለ። ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፍንም፣ የጉባኤ ወረቀትንም፣ ገና ያልታተመ ረቂቅንም ይቆጥራል፤ ስኮፐስ ግን መርጦ ነው የሚይዘው። ስለዚህ «ኤች ኢንዴክሱ ይህን ያህል ነው» ተብሎ ከየት እንደተወሰደ ካልተነገረ ያ ቁጥር ብዙም ትርጉም የለውም።

ለዚህኛው ችግር መፍትሔ አለ። ከ2012 ጀምሮ ኦርኪድ የሚባል ባለ 16 አኃዝ መለያ አለ። ለተመራማሪ በነጻ ነው የሚሰጠው። ይህን ደብዳቤ የምታነቡ መምህራን ካላችሁ ዛሬውኑ አውጡ። ስማችሁንም ከመጀመሪያው ጽሑፋችሁ ጀምሮ በአንድ አጻጻፍ ያዙት።

መፍትሔው ሩቅ የሆነው የአማርኛው ጉዳይ ነው። ስኮፐስ አንድን ጆርናል ለመቀበል ከሚጠይቃቸው መስፈርቶች አንዱ ዋቢ ጽሑፎቹ በላቲን ፊደል መጻፋቸው ነው። ርዕሱና አኅጽሮተ ጥናቱም በእንግሊዝኛ መኖር አለበት። አስቡት። በአማርኛ ተጽፎ፣ ዋቢዎቹን በራሳችን ፊደል የደረደረ ጆርናል፣ ይዘቱ ምንም ያህል የበሰለ ቢሆን ከደጅ ይመለሳል። እዚያ ውስጥ የተጠቀሰው ሰውም አልተጠቀሰም ማለት ነው። የዘመን አቆጣጠራችን ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። በ2010 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ እንዳለ ሲጠቀስ፣ ማሽኑ የፈረንጆቹን 2010 አድርጎ ነው የሚያነበው። ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ይጎትተዋል።

አንዲት በቅርብ የማውቃት ተመራማሪ አለች፤ የምትሠራው ሌላ ተቋም ነው። በተበከለ የወንዝ ውኃ የሚለሙ አትክልቶችን ታጠናለች። ከወንዝ ዳር ማሳዎች ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ እየሰበሰበች እርሳስና ካድሚየም የሚባሉትን መርዛማ ብረቶች ትለካለች። በእንግሊዝኛ ያሳተመቻቸው ጽሑፎች አሉ፤ የጠቀሷቸው ጥቂት ናቸው። ከእነሱ ሌላ በአማርኛ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አዘጋጅታለች። ቅጠላ ቅጠል ከፍሬ አትክልት ይልቅ እነዚህን ብረቶች አብዝቶ እንደሚሰበስብ ትገልጻለች። ተክሉ በሥሩ የሳበው ብረት ቅጠሉን በማጠብ እንደማይወጣም ትነግራለች። ያ ውኃ ብቻ ያለው ሰው ምን ቢተክል እንደሚሻል በሥዕል ታሳያለች።

ያ መጽሐፍ እኛ ዘንድ አንድ ቅጂ አለ። ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር ደግፌዋለሁ። ሽፋኑ ላይ የጣት አሻራ ቆሽሾ ቀርቷል፤ የአትክልቶቹ ሥዕል ያለበት ገጽ ደግሞ ኮፒ ማሽን ላይ እየተገለበጠ ሊቀደድ ደርሷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መጥተው አስነስተውታል። ከወረዳ የመጡ የግብርና ባለሙያዎች አስነስተውታል። አንድ ወንዝ ዳር የሚያለሙ አባት ልጃቸውን ልከው ያስነሱትን አስታውሳለሁ። ልጁ የሥዕሉን ገጽ ብቻ ነበር የፈለገው።

ተመራማሪዋ ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ስታመለክት ይህ መጽሐፍ ዜሮ ነጥብ ተሰጠው። ሳይቴሽን፣ ማለትም ጥቅስ፣ የለውማ! ለምን ብላ ስትጠይቅ የተሰጣት መልስ «በአማርኛ ከምትጽፊ ያንን ጊዜ ለአንድ ተጨማሪ ፐብሊኬሽን ብታውዪው ይሻልሽ ነበር» የሚል ነው። ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ተቆራርጧል። እኔም እስካሁን ያናድደኛል። በሕዝብ ገንዘብ የተማረች ሰው፣ የሕዝብን ጎመን አጥንታ፣ ውጤቱን በሕዝቡ ቋንቋ መልሳ ስለተናገረች መቀጣት የለባትም።

አገራችን እንዲህ ያለውን ሥራ የማታውቅ አይደለችም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች ወንዝ ወርደው በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ቦታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ይታያሉ። የቢልሃርዚያ ትል ወደ ሰው የሚተላለፈው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች በኩል ነው። የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣዎቹን እንደሚገድል ያረጋገጠው ምርምር ከዚያ ተነሳ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ያ ምርምር የተነሳው ሰው አይቶ ከሚያልፈው ነገር፣ ከልብስ አጣቢዎች እግር ሥር ነው። ዛሬ አንድ ወጣት ተመራማሪ ወንዝ ዳር ቆሞ እንደዚያ ቢያስተውል፣ መጀመሪያ የሚያስበው «ይህ ነገር ይጠቀስልኛል ወይ?» ብሎ ከሆነ አገር ትጎዳለች።

ተቃራኒውም አለ። የዓለምን የበሽታ ጫና የሚያጠናው ታላቅ ፕሮጀክት ውጤቱ «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ሲወጣ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ የሚበልጡ ጸሐፊዎች ይዘረዘራሉ። ከእኛም አገር ብዙ ሰዎች አሉበት። ጥናቱ ጠቃሚ ነው። የተሳተፉትም መረጃ አቅርበዋል፣ ረቂቅ አይተው አስተያየት ሰጥተዋል። የማንንም ልፋት ማሳነሴ አይደለም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ጽሑፍ በሺዎች ሲጠቀስ፣ ሁሉም ጥቅስ በእያንዳንዱ ስም ሙሉውን ይጻፋል። በ2015 የወጣ አንድ የፊዚክስ ጽሑፍ 5,154 ጸሐፊዎች ነበሩት፤ ከ33 ገጾቹ 24ቱ የስምና የተቋም ዝርዝር ናቸው። እንዲህ ባለ ረጅም ዝርዝር ውስጥ ስሙ ያለ ሰው ብቻዋን ወንዝ ዳር ናሙና ከምትሰበስብ ሴት ጋር በአንድ ቁጥር ሊወዳደር አይችልም።

ሙያና ሙያም አይወዳደሩም። ሕክምና ላይ ሰው ቶሎ ይጠቀሳል፤ ታሪክ ላይ ይዘገያል፣ ግን ይቆያል። የታሪክ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1972 ያሳተሙትን የመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያ ጥናት ዘመኑን የሚያጠና ሰው ዛሬም ይጠቅሰዋል። ኢምፓክት ፋክተር የሚያየው የሁለት ዓመት ጊዜ ለእንዲህ ያለ ሥራ ምን ያደርግለታል?

ይህን ሁሉ ብዬ ቁጥር ይቅር አልልም። ቁጥር ይቅር የሚል ሰው በትውውቅ የሚሰጥ ዕድገትን ረስቶታል። «የእገሌ ሰው ነው» ተብሎ ምንም ያልጻፈ ሰው ሲሾም አይተናል። ዘመድ የሌላት አንዲት ወጣት መምህርት የጥቅሶቿን ዝርዝር ይዛ ከኮሚቴ ጋር ስትሟገት አውቃለሁ። ዝርዝሩን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ አሸንፋለች፤ ደስ ብሎኛል። ቁጥሩ ለእሷ መከራከሪያ ሆኗታል። እኔ የምቃወመው ቁጥሩ መከራከሪያ መሆኑን ትቶ ፍርድ ሲሆን ነው። ያኔ ሰዎች ሥራውን ትተው ቁጥሩን ማሳደድ ይጀምራሉ። አንድን ጥናት አራት ቦታ ቆራርጠው ያሳትማሉ። «አንተ ጥቀሰኝ፣ እኔም እጠቅስሃለሁ» ይባባላሉ። ኢሜይላቸው «ክቡር ፕሮፌሰር ሆይ» ብሎ በሚጀምር ግብዣ ይሞላል፤ ከሥሩ በዶላር የሚከፈል ዋጋ አለ። በብር ደመወዝ የሚኖር መምህር ማንም ለማያነበው ጆርናል ዶላር ሲያፈላልግ ማየት ያሳዝናል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም፤ ሌላውም ዓለም መክሮበታል። በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተነደፈው የምርምር ምዘና መግለጫ፣ ሰውን ባሳተመበት ጆርናል ኢምፓክት ፋክተር አትመዝኑ ይላል። በ2015 «ኔቸር» መጽሔት ላይ የወጣው የላይደን ማኒፌስቶ ደግሞ ከአሥር መርሆዎቹ አንዱን ለአካባቢያዊ ምርምር ሰጥቶታል። በየአገሩ ቋንቋ፣ ለየአገሩ ጉዳይ የሚሠራ ጥሩ ጥናት ይጠበቅ ይላል። ትምህርት ሚኒስቴር የአገር ውስጥ ጆርናሎችን እየመዘነ ዕውቅና መስጠቱ በዚህ በኩል ጥሩ ጅምር ነው። ቀጥሎ የዕድገት ኮሚቴዎች እንዲያነቡ መጠየቅ አለበት። አመልካቹ «ዋና ሥራዎቼ እነዚህ ናቸው» ብሎ ሦስት አራቱን ይምረጥ፤ ኮሚቴው ያንብባቸው፤ ለማን እንደጠቀሙም ይጠይቅ። በአማርኛም ይሁን በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ የተጻፈ የሕዝብ መጽሐፍ አንባቢ ተመድቦለት ይገምገም።

ከእናንተ የምፈልገው ከዚህ ያነሰ ነው። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ዝርዝር ሲደርሳችሁ፣ ቁጥሩ ከየትኛው የመረጃ ቋት እንደተወሰደና ሰውየው በየትኛው ሙያ እንዳለ ጻፉ። ከዚያ ስልክ አንሱና ሰውየውን «ምን አገኙ?» ብላችሁ ጠይቁልን። መልሱ ሁለት መስመር ይበቃዋል። አንባቢያችሁ ኤች ኢንዴክስ 20 እና 30 ምን እንደሚለያያቸው አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። ስለ ጎመኑ፣ ስለ ወባው፣ ስለ ጤፉ ዘር፣ ስለ ድሮው የብራና መጽሐፍ ግን ቢነገረው ያነባል። እኛ ቤተ መጻሕፍት ጋዜጣ የሚያነቡት ጡረተኞች እንኳን በዚያ ዘገባ ላይ ተከራክረው ነበር፤ ማን ምን ሠራ ብለው ሲፈልጉ አጡት፣ ወደ እኔ መጡ። በዘገባው ስማቸው ከወጣው የሦስት ሰዎችን ሥራ ፈልጌ አነበብኩላቸው። አንዱ የስንዴ ዋግ ላይ እንደሚሠራ ሲሰሙ፣ ከአርሲ የመጡት አባት ተነስተው ጥያቄ ጀመሩ።

ዘጋቢያችሁ እነዚህ የመረጃ ቋቶች እንዴት እንደሚታዩ ማወቅ ቢፈልግ፣ በሥራ ሰዓት ይምጣ። አብሬው ተቀምጬ፣ በዘገባችሁ ላይ የወጡትን ስሞች አንድ በአንድ ከፍቼ አሳየዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የማጣቀሻ ክፍል ሠራተኛ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ